የዳንግላና የጫግኒ ሳንቲሞች

ዳንግላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለኢልሀም ዓብዱልሀሚድ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ውሃማ አገር ድረስ ይድረስሽ። እንደምን ሰነበትሽ? እኔ አጎትሽ ሙነወር፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከግራ ጉልበቴ በስተቀር ሁለመናዬ ደኅና ነው። ጉልበቴም ቢሆን ለክፋት አይደለም የሚያመኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል፤ ሬዲዮው ግን ከዘነበ በኋላ ነው የሚናገረው።

ኢንተርኔቱ እንደገና ስለጠፋ በወረቀት መጻፌ ነው። ስንታየሁን ታስታውሺዋለሽ፣ የሚኒባስ ሾፌሩን። እኔ ቤት ተቀምጠሽ ሁለተኛ ደረጃ ስትማሪ ዝናብ ሲሆን ከትምህርት ቤት በነጻ ያመጣሽ የነበረው። ባሕር ዳር ሲደርስ ይህን ወረቀት በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። አንቺ የምትመልሺውንም እዚያው አሳትሞ በኪሱ ያመጣልኛል። መንገድ ላይ አንብቦት እንደሚያመጣው እወቂና ስለ አነዳዱ ክፉ እንዳትጽፊ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ያለፈው ጁምዓ ከመስጊድ ስንወጣ ሰዎች ከበቡኝና «ያቺ የወንድምህ ልጅ ሆላንድ ሆና ምንድን ነው የምትሠራው?» አሉኝ። አላውቅም ማለት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ «ብርሃን ትመረምራለች» አልኳቸው።

«ሐኪም ናት ማለት ነው?»

«አዎ፣ የብርሃን ሐኪም ናት። ብርሃን ሲታመም ወደ እሷ ነው የሚወስዱት።»

አሁን አገሩ ሁሉ የተበላሸ የሶላር መብራቱን ይዞ ወደ ሱቄ እየመጣ «ለኢልሀም ላክልኝ» ይለኛል። ጠጋኙ እኔ እዚህ ተቀምጬ! ስለዚህ እውነተኛ ሥራሽን ጻፊልኝ። ግን በእኔ ልክ ይሁን። የሬዲዮ ጥገናን ከአንድ የተቀደደ መጽሐፍና ከመዝገበ ቃላት የተማርኩ ሰው ነኝ። ግማሹን ከነገርሽኝ ቀሪውን ራሴ እፈጥረዋለሁ።

ስለ አባትሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ጫግኒ መጋዘኑ ውስጥ ደኅና ነው፤ የሚነግደው በርበሬም ዘንድሮ ያማረ ነው። ስልክሽን ለምን እንደማያነሳ ጠየቅሁት። «ኔትወርክ የለም» አለኝ። ይህን የነገረኝ በስልክ ነው።

አጎትሽ ሙነወር

፨

ሆላንድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙነወር፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ጉልበትዎን ያበርታልዎ፤ ዝናብ መናገሩን ግን አይንሣው። እኔ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ላይ እያለሁ ነው። ክፍሌ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም፤ ከእኔና ከመሣሪያዎቹ ሌላ ማንም የለበትም። ያን የሶላር መብራት ወሬ ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። በጆሮ ማዳመጫው የሰማኝ ባልደረባዬ «ምን ተበላሸ?» ብሎ ጠየቀኝ። ባልደረባዬ ያለው ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ በሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። አብረን ከሠራን ዓመት አልፎናል፤ ፊቱን ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። ሥራችን ራሱ መራራቅ ስለሆነ ነው።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ሁለት ቅንጣት ብርሃን መንታ ሆነው አብረው ይወለዳሉ። አንዱን ወደ እኔ ክፍል፣ ሌላውን ወደ እሱ ክፍል እንልካቸዋለን። እያንዳንዳቸው እንደደረሱ አንድ ጥያቄ ይጠየቃሉ። ከሁለት ጥያቄዎች የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው በመጨረሻዋ ቅጽበት ነው፤ ሳንቲም እንደ መወርወር ይቁጠሩት። አንዱ ለሌላው «እኔ ይህን ተጠየቅሁ» ብሎ መልእክት የሚልክበት ጊዜ አያገኝም። ከዚያ ሁለታችን የመዘገብነውን ጎን ለጎን አስቀምጠን እናስተያያለን።

ቢጫወቱት ይበልጥ ይገባዎታል። እርስዎ ዳንግላ ሆነው፣ አንድ ሰው ደግሞ ጫግኒ ሆኖ፣ ሁለታችሁም ከዙህር ሶላት በኋላ የአንድ ብር ሳንቲም ትወረውራላችሁ። አንበሳ ወይም ሚዛን ይወጣል። የወጣውን ትጽፉና ከጎኑ አንድ መልስ ትጽፋላችሁ፤ ወይ ነጭ፣ ወይ ጥቁር። ለሁለታችሁም አንበሳ ከወጣ፣ መልሳችሁ ሲለያይ ታሸንፋላችሁ። በሌላው ጊዜ ሁሉ የምታሸንፉት መልሳችሁ አንድ ሲሆን ነው። መደዋወል አይቻልም፤ አስቀድሞ መመካከር ግን ይቻላል።

ምንም ያህል ብትመካከሩ ውሎ አድሮ ከአራት ጊዜ ከሦስቱ በላይ ማሸነፍ አትችሉም። ብርሃኖቹ ግን ያልፉታል። ሁልጊዜ አያሸንፉም፤ ከመቶ ሰማንያ አምስት ገደማ። መልሱን በኪሳቸው ይዘው አልመጡም፤ መልእክትም አልተላላኩም። ተራርቀውም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው አልቀሩም ማለት ነው። እንዴት እንደሆነ ግን በቤተሰብ ቋንቋ ላስረዳዎ አልችልም።

ጫግኒ ማን እንደሚጫወት እርስዎ ይምረጡ። አባቴ ሥራ ይበዛባቸው ይሆናል። ሁለተኛ ዲግሪዬን ጨርሼ እመለሳለሁ ብያቸው፣ ሳልጠይቃቸው ለሦስተኛው ከቀረሁ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም። ጨዋታ ይወዱ ነበር ግን።

ልጅዎ ኢልሀም

፨

ዳንግላ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለብርሃን ሐኪሟ ለኢልሀም፣

ሰላምታዬ ከሰማይ በታች ባለው ሁሉ ላይ አልፎ ይድረስሽ። እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ስለ ክረምቱ መዋሸት ጀምሯል፤ ታኅሣሥ ላይ ዝናብ ይላል።

መጀመሪያ ጨዋታሽን ልሰብረው ሞከርኩ። ኦቾሎኒ ገዝቼ ከነገለባው ለነጭ፣ የተፈለፈለውን ለጥቁር አድርጌ ግማሽ ቀን ተቀመጥሁ። ሁልጊዜ ነጭ እንበል ስል አንበሳና አንበሳ ሲወጣ እሸነፋለሁ። ለአንበሳ ጥቁር፣ ለሚዛን ነጭ ልበል ስል በሌላ በኩል ይፈርሳል። አንዱን ቀዳዳ ስደፍነው በሌላው ይተነፍሳል፤ የአሮጌ ባጃጅ ጎማ ነው። በመጨረሻ ኦቾሎኒውን በልቼ ቃልሽን አመንኩ።

ጫግኒ ማን እንደሚጫወት እኔ እንድመርጥ ፈቅደሽልኛል። አመሰግናለሁ! ጫግኒ ውስጥ ከአንድ ሰው ሌላ ያሰብሽ ይመስል።

ሄጄ ነበር። በስንታየሁ መኪና እስከ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ በሌላ። ቁልቁል ስንወርድ ሙቀቱ ጋቢዬን አስወለቀኝ። ወንድሜን መጋዘኑ ውስጥ፣ በበርበሬ ከረጢት መሀል ቆሞ አገኘሁት። ሰላም ከማለቴ በፊት አስነጠሰኝ።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለኝ።

«ናፍቀኸኝ፣ ጋሼ።»

«የምን ናፍቆት ነው በሰኞ?»

እንደገና አስነጠሰኝ። ውሃ ሰጠኝ። ጨዋታውን አስረዳሁት። ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ፤ አባትሽ ሰው ሲናገር እንደማያቋርጥ ታውቂያለሽ። ከዚያ «ሰው ለዚህ ደመወዝ ይከፈለዋል?» አለኝ። ይከፈላታል አልኩት። «ይህን የላከችው እሷ ናት?» አለኝ። እሷ ናት አልኩት።

ከዚያ በኋላማ ተስማማን። ዝርዝሩን አልጽፍልሽም፤ ስንታየሁ ያነባል። ከመጪው ሳምንት ጀምሮ እንወረውራለን። ወረቀቶቹን አጠራቅሜ እልካለሁ።

አጎትሽ ሙነወር

፨

ሆላንድ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ይህን ደስታ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ አላውቅም።

በእውነት ተቀበሉ? ሳንቲሙን ራሳቸው ነው የሚወረውሩት? ቆመው ነው ወይስ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው? ደንበኛ ሲመጣ ምን ይላሉ? ትንሽ ትንሽ ነገር ሁሉ ይጻፉልኝ።

እዚህ ክረምቱ ከብዷል። ጠዋት ሥራ ስገባ ጨለማ ነው፤ ስወጣም ጨለማ ነው። ሙሉ ቀን ብርሃን ሳጠና እየዋልኩ ፀሐይ ሳላይ ሳምንት ያልፈኛል። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ፤ ለመቀመጥ የሚያበቃ ወሬ ከማንም ጋር የለኝም። አንዳንድ ቀን በአማርኛ የማወራው ከሌዘሩ ጋር ብቻ ነው። «ተው እንጂ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆንክ?» እለዋለሁ። ባልደረባዬ የማዋራው እሱን መስሎት በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል።

ከእናንተ ጨዋታ ወዲህ ግን በእናንተ ዙህር ሰዓት ሥራዬን አቆማለሁ። አሁን አባቴ ሳንቲም እያነሱ ነው እላለሁ።

ላማክርዎ የፈለግሁት አለ። ትምህርቴን ስጨርስ እዚሁ እንድቀጥል ቦታ ሰጥተውኛል። እስከ ሰኔ መጨረሻ መልስ ስጪ ብለውኛል። መልሱን ከመስጠቴ በፊት ለዓረፋ በቀጥታ ጫግኒ ልሄድ አስቤያለሁ፣ ሳልናገር። ከዚህ በፊት አልደፍርም ነበር። በር ላይ ቆሜ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝ ምን እሆናለሁ እያልኩ። አሁን ግን በየቀኑ ለእኔ ብለው ሳንቲም የሚወረውሩ ሰው ፊታቸውን አያዞሩብኝም።

ልጅዎ ኢልሀም

፨

ዳንግላ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢልሀም፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ረመዳን ደጃፍ ላይ ነው፤ አላህ በሰላም ያስጀምረን።

መልስ የዘገየብሽ ስንታየሁ ጎማ ፈንድቶበት ስለሰነበተ ነው። ሁለት ጎማ።

ሁለቱን ወረቀቶች ልኬልሻለሁ፤ የዳንግላው የእኔ ነው፤ የጫግኒው የአባትሽ ነው። አርባ ዙር ተጫውተናል። ስታስተያዪአቸው ኩራት ይሰማሽ። ብርሃንሽን በልጠነዋል! የአንድ እናት ልጆች መሆናችን እዚህ ላይ ጠቀመን። ለዚያ ባልደረባሽ «መሣሪያ አያስፈልግም፣ አገር ቤት ሁለት ሽማግሌ አሉ» በይው።

አባትሽ ሲወረውር ተቀምጦ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ያቆማል። ሌላ የምጽፈው ትንሽ ነገር አላገኘሁም።

ስለ ዓረፋው አትቸኩይ እላለሁ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ጫግኒም በዚያ ወር ሙቀት ነው፤ ብርድ የለመደ ሰው አይስማማውም። ትምህርትሽን ጨርሺ። የሰጡሽንም ቦታ እንዲሁ አትልቀቂ። ሲመቻች እኔ እነግርሻለሁ።

ከጫግኒ ጋር ጨዋታውን ከጀመርን ወዲህ በስልክ እንኳ አልተገናኘንም፤ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ ተደዋውላችኋል ብለሽ እንዳታሚን።

አጎትሽ

፨

ሆላንድ፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙነወር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጾሙን አላህ ይቀበልዎ።

ወረቀቶቹን ወዲያው አስተያይቼ ነበር። ለመጻፍ ግን ቀናት ወሰደብኝ።

ከአርባው ዙር የተሸነፋችሁት ሁለቱን ብቻ ነው። አጎቴ፣ ብርሃን እንኳ ከዚህ የበለጠ ይሸነፋል። እንዲህ ያለ ውጤት እዚህ ሲመጣ ማንም አያጨበጭብም። መሣሪያውን አጥፍተን አንዱ ክፍል ወደ ሌላው በየት በኩል እንደሚያይ እንፈልጋለን። ሽቦ ነክቶ ይሆናል፤ ሰዓቱ ተዛብቶ ይሆናል። ሁልጊዜ የሆነ ቀዳዳ ይገኛል።

የእናንተንም እንደዚያው ፈለግሁት። አልተደዋወላችሁም፤ መስመር እንዳልነበረ ራስዎ ጽፈውልኛል፤ እኔም ከሌላ ሰው አረጋግጫለሁ። አስቀድማችሁ ብትመካከሩም እዚህ አትደርሱም፤ በኦቾሎኒ ሞክረው አይተውታል። ሁለት የተራራቁ ሰዎች እንዲህ አይገጥሙም፣ የአንድ እናት ልጆችም ቢሆኑ። እንዲህ የሚገጥመው ሁለቱንም ሳንቲም ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው።

አባቴ አንዴ እንኳ ወርውረው ያውቃሉ?

የአውሮፕላን ትኬት ልቆርጥ ነበር። አልቆረጥኩም። በዙህር ሰዓት ሥራ ማቆሜንም ትቻለሁ።

እውነቱን ብቻ ይጻፉልኝ። ቀልድ አይጨምሩበት።

ኢልሀም

፨

ዳንግላ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢልሀም፣

የአላህ ሰላም ይድረስሽ።

አልወረወረም። አንዴም።

መጋዘኑ ውስጥ የሆነው እስከ «ይህን የላከችው እሷ ናት?» ድረስ እንደጻፍኩልሽ ነው። እሷ ናት ስለው ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝ። «የምትለኝ ካላት በአፏ ትበለኝ» አለ። «ሳንቲም እየወረወርኩ ከልጄ ጋር አልነጋገርም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ምሳ ጋበዘኝ፤ በላን፤ ስለ በቆሎ ዋጋ አወራን፤ ተመለስኩ።

ይህን ልጽፍልሽ ብዕር አንስቼ ነበር። ያን «ጨዋታ ይወዱ ነበር ግን» ያልሽውን እንደገና አነበብኩትና ብዕሩ ሌላ ነገር ጻፈ።

እንዴት እንዳደረግሁት ልንገርሽ፤ ቀልድ ነው ብትይኝም የሆነው ይኸው ነው። ከዙህር በኋላ ሱቄን ገርበብ አድርጌ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጣለሁ። በአንዱ ተቀምጬ የእኔን እወረውራለሁ። ተነስቼ በሌላው እቀመጥና የእሱን እወረውራለሁ። በእሱ ወንበር ስሆን እንደ እሱ ቀጥ ብዬ ነው የምቀመጠው። መልሱንም ቶሎ አልጽፍም፤ እሱ ቶሎ አይመልስማ። በግራ እጄ ነበር የምጽፍለት። ችግሩ ወንበር ስቀይር ዓይኔን ይዤው እሄዳለሁ። የእኔን ሳንቲም አይቼ ለእሱ የተሳሳተ መልስ ልጽፍለት አልሆነልኝም። ወንድሜን ሆን ብዬ ላስሸንፈው? ሁሉንም ያሸነፍን እንዳይመስል ብዬ ነው ሁለቱን ያበላሸኋቸው፤ እነሱንም ከብዙ ክርክር በኋላ።

ከማን ጋር ክርክር እንዳትይኝ።

እውነቱን ካልሽ፣ እነዚያን ሰዓቶች ወድጃቸው ነበር። ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው፤ ባለቤቴ ዋሂዳ ከሞተች ወዲህ ይህ ቤት ሁለተኛ ወንበር አያስፈልገውም ነበር። አንቺን አታለልኩ፤ እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ላይ ወንድም ነበረኝ።

ይህን ሁሉ ብዬ አንድ ነገር ልጨምር፤ ተቆጪኝ እንጂ እለዋለሁ። አንቺም ጨዋታ ነው የላክሽለት። ያን ሁሉ ዓመት ቆይተሽ ለአባትሽ ያደረስሽው ነጭና ጥቁር ነው። ብርሃኖችሽ መልእክት አይላላኩም ብለሽኛል። እሺ፤ ለእነሱ ይሁን። ሰው ግን እንደዚያ አይሆንለትም። ሄዶ ነው የሚናገረው።

ፊቱን ያዞርብሽ እንደሆነ አላውቅም። አሁን በእውነት አላውቅም።

ሙነወር

፨

ጫግኒ፣ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለሙነወር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ዓረፋ እንዴት አለፈልዎ? ከላይ የጻፍኩትን የቦታ ስም አንብበው እንዳይደነግጡ፤ መጥቻለሁ።

በደብረ ማርቆስ በኩል እንጅባራ ገባሁ። ከዚያ ወደ ዳንግላ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ወደ ጫግኒ ወረድኩ። መጋዘኑ በር ላይ ስደርስ በርበሬ እየመዘኑ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ሚዛኑን አልለቀቁም።

«ሰውዬውን ልሸኝና» አሉኝ። «ተቀመጪ።»

ከረጢት ላይ ተቀመጥሁ። እንባ ሊመጣ ሲል አስነጠሰኝ። ሰውየው ሂሳቡን ከፍሎ እስኪወጣ ዘመን መሰለኝ። ከዚያ መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ሳትጠይቂኝ ለምን ቀረሽ?»

«አይሆንም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«አይሆንም ነበር የምልሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያም እቀር ነበር፣ አባ።»

  «ይህችን ለማለት ይህን ሁሉ ዓመት?» አሉኝና ተነሺ ብለው እጄን ያዙ። እጃቸው በርበሬ ነበር፤ ዓይኔን ሳብስ አቃጠለኝ፤ ከዚያ በኋላ ማን በምን እንዳለቀሰ መለየት አልተቻለም።

እንደ ድሮው አልሆንንም። ብዙ ነገር አይጠይቁኝም፤ እኔም ብዙ አልነግራቸውም። ቀኑን መጋዘን አብሬያቸው እውላለሁ። ትናንት ግን እንዲህ አሉኝ፤

«እነዚያ ብርሃኖችሽ፣ ከተለያዩ በኋላ አንዱ የሌላውን ያውቃል?»

«ምንም አያውቅም። ለየብቻ ካዩአቸው የሁለቱም መልስ ዝብርቅርቅ ነው። ዝምድናቸው የሚታየው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ሲኖር ነው።»

«ያ ሰው ሙነወር ነዋ» አሉ። «እሱ ደግሞ ሁለቱንም ራሱ ጻፋቸው።» የወንበሩን ነገር ነግሬያቸው ነበር። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ «ልጅ ሆኖም እንደዚያ ነበር» አሉ። «አብሮት የሚጫወት ሰው ሲያጣ ለሁለት ይጫወት ነበር። እኔ ሥራ ይዤ አብሬው አልጫወትም ነበር።» 

የሰጡኝን ቦታ ልቀበለው ነው። ነገርኳቸው። «አይሆንም» አሉኝ፤ እንዳሉት። ቀጥለውም መቼ እንደምሄድ ጠየቁኝ።

ነገ መሄዴ ነው። መንገዱ አልተከፈተም። እንጅባራ ድረስ መጥቼ እርስዎ ጋ ሳልደርስ መመለሴ ይቆጨኛል። ሰላምታዬን በማን ልላክ? ስንታየሁም ከወዲያ ነው ያለው። ይህን ደብዳቤ መንገዱ ሲከፈት ይደርስዎታል ብዬ አባቴ ጋ ትቼዋለሁ።

ልጅዎ ኢልሀም

፨

ዳንግላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢልሀም፣

ሰላምታዬ ዝናቡን አልፎ ይድረስሽ። ጉልበቴን አልጠይቀውም አሁን፤ በየቀኑ አዎ ነው የሚለኝ። ሌላው ሁሉ ደኅና ነው።

የሰኔው ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደርሶኛል። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስንታየሁም አንብቦታል፤ ከረጢቱ ላይ አስነጠሰኝ ያልሽው ጋ ሲደርስ መኪና አቁሞ ነበር ያነበበው፤ ተሳፋሪዎቹ ምን ሆነ ብለው ጠየቁት።

አባትሽ ባለፈው ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። አዲሱን ቦታ መጀመርሽን፣ ክፍልሽን መቀየርሽን፣ አሁን መስኮት እንዳለው ነገረኝ። በየጁምዓው እንደምትደዋወሉም ነገረኝ። በፊት ስደውልለት ስለ በቆሎ ይጠይቀኝና ስለ በርበሬ ይጠይቀኝና፣ በመጨረሻ ስልኩ ሊዘጋ ሲል «ያቺስ?» ይለኝ ነበር። ለዚያች «ያቺስ» ብዬ ሳምንት ሙሉ ወሬ አጠራቅም ነበር፤ ሳጣም እፈጥር ነበር። አሁን ስለ አንቺ የሚነግረኝ እሱ ሆኗል። የሚነግረኝም እውነት ብቻ ነው፤ ወሬ እንዴት እንደሚወራ አያውቅበትም። ብርሃንሽን እኔ ነኝ የማውቀው ብዬ ላስረዳው ስሞክር «እሱንማ ነግራኛለች» አለኝ።

ደስ ብሎኛል። ይህን ቀልድ አታድርጊብኝ፤ ደስ ብሎኛል። ሁለት ሰዎች በቀጥታ ከተነጋገሩ መሀል ላይ የቆመው ሰው ሊቀመጥ ይገባዋል። ተቀምጫለሁ።

ከሰኔ ወዲህ ሌላ ደብዳቤሽ አልመጣም። አዲስ ሥራ እንደሆነ ገብቶኛል። ስንታየሁ ባሕር ዳር ደርሶ ሲመለስ ሱቄ በር ላይ ጡሩንባ ሳይነፋ ያልፋል፤ የያዘልኝ ነገር ሲኖር ነው የሚነፋው። ትናንት ነፍቶ ሮጬ ወጣሁ። መንገድ ላይ የቆመ በግ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ይህን ልጽፍልሽ ስቀመጥ የምልክሽ ጉዳይ ፈለግሁ። የተበላሸ መብራት የለም፤ የምጠይቅልሽ ሰው የለም፤ የማስታርቀው የለም፤ ከአንቺም የምፈልገው መልስ የለም። ሻይ አፍልቼ ጠጣሁ፣ አሁንም አላገኘሁም። ስለዚህ ያለ ጉዳይ ነው የጻፍኩልሽ። አንቺም ያለ ጉዳይ መልሺልኝ።

አጎትሽ ሙነወር